እናት ስታገባ ልጅ የማን ናት

አባቴ እናቴን የፈታት ከሱዳን ወገን በተመለሰ በማግስቱ ነው። የጨርቅና የጨው ነጋዴ ነበር፤ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሴት አግብቶ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ፈትቼሻለሁ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተናገረው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እናቴ ማሽላ እየፈጨች ነበር። እኔ ያኔ ጥርሴ ገና አልተነቀለም። ነገሩ አልገባኝም ነበር ብል ግን ውሸት ነው።

ከአሶሳ ብዙም ወደማይርቀው ወደ አጎቴ፣ ወደ እናቴ ወንድም ግቢ ሄድን። አያቴ የምትኖረው እዚያ ስለነበር ከእሷ ጎጆ ተዳበልን። አያቴ ጠንካራ ሴት ነበረች፤ በበጋ ከእናቴ ጋር ወንዝ ወርዳ ወርቅ ታጥባለች፣ ማታ ደግሞ እኔን አቅፋ ትተኛለች። የሸሪዓው ዳኛ፣ ቃዲው፣ ፈረደ፦ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትቆይ፣ አባቷ ደግሞ በየአዝመራው ማሽላና ልብስ ይስጣት። ይህን ቀለብ ነፈቃ ይሉታል። ለመጀመሪያው አዝመራ አባቴ አህያ ጭኖ ላከ። ከዚያ ወዲያ አህያውም እሱም ጠፉ።

አጎቴ አቤት ሲል ቃዲው ልኬበታለሁ ይላል፣ አባቴ ደግሞ መንገድ ሄዷል ይባላል። የገዢው ወታደሮች ለንጉሡ ግብር የሚሄደውን ወርቅ ለመሰብሰብ ደጃችን ሲመጡ መንገዱ ጠፍቷቸው አያውቅም። ሁለቱ ሴቶች ወገባቸው እስኪንቀጠቀጥ ጎንብሰው ከአሸዋ የለዩትን ይዘው ይሄዳሉ። የእኔን ማሽላ ከአባቴ ጎተራ የሚያወጣ ግን አንድ ወታደር አልተገኘም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ክረምት ሲገባ የአጎቴ ሚስት ገንፎ ስታቀርብ ፊቷ መጥቆር ጀመረ። አልፈርድባትም፤ የራሷም ልጆች አልጠገቡም። በዚህ መሀል ከባምባሲ አንድ ሰው እናቴን ጠየቀ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ቀፎ የሚሰቅል፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። እናቴ ፍቅር ይዟት አይደለም ያገባችው። እኔ እንድበላ ነው ያገባችው፤ ሰውየውም ልጅቷን እንደ ልጄ አሳድጋለሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት ተናግሯል።

ሠርጉ ሳይበርድ ያ መንገድ ሄዷል ሲባል የኖረ አባቴ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መጣ። እናት ባዕድ ሰው ካገባች ልጅ የማሳደግ መብቷ ይቀራል፣ ልጄን ስጡኝ አለ። በእኛ ዘንድ ሴት ቃዲ ፊት ቀርባ አትጠይቅም፤ ወንድሟ ወይም አባቷ ነው የሚጠይቅላት። ስለዚህ አጎቴ ሄደ። ያገባች እናት ልጇን ታጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ቃዲውም አዎን፣ ታጣለች አለ። አጎቴ ይህችኑ ይዞ ተመለሰ። ልጅቷስ ወዴት ትሂድ ብሎ የጠየቀ የለም። ከአባቷ ሌላ ወዴት ትሄዳለች? ሁሉም ያወቀው መሰለው።

አያቴ ክንዴን ይዛ አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቃት የገዛ ልጇ፣ አጎቴ ነው። “ሕግ ነው እናቴ፣ ሕግ ነው” እያለ። እሷም ሕግ ከሆነ ብላ ተቀመጠች።

አባቴ ቤት ልጅ ሆኜ ሳይሆን ወፍጮ ሆኜ ኖርኩ። ነፈቃዬን ይከለክለኝ የነበረው ሰው አሁን ጉልበቴን በነፃ አገኘ። የባምባሲው ሰው በየጊዜው ማር ይዞ አጥሩ ድረስ ይመጣል፤ አባቴ ማሩን ይቀበልና እኔን ሳያሳየው ይመልሰዋል። ማሩን ቀምሼው አላውቅም።

አድጌ አገባሁ፤ በተራዬ እኔም ተፈታሁ። ሴት ልጅ ነበረችኝ። እንደ እናቴ ሰው አልላክሁም፤ ነውር ነው ቢሉኝም ራሴ ሄጄ ቃዲው ፊት ተቀመጥኩ። የድሮው ሞቶ ሌላ ተተክቷል። ነገ እኔ ባገባ ይህች ልጅ ለአባቷ ነው የምትሰጠው? አልኩት።

“የለም፣” አለ። “መጀመሪያ ለእናትሽ ትሰጣለች። የእናት እናት ከአባት ትቀድማለች። ይህንን ማን አያውቅም?”

እኛ አናውቅም ነበር። አያቴ እኔ ለአባቴ በተሰጠሁበት ቀን በሕይወት ነበረች፣ ከሁላችንም ይልቅ ጤነኛ ነበረች፣ ክንዴም በእጇ ነበር። የቀድሞው ቃዲ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ቢዋሽ ኖሮ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

ወደ ባምባሲ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። አርጅታለች። ባሏ በዚያው ዓመት ሞቶ ቀፎዎቹ ዛፍ ላይ እንደተሰቀሉ ነበሩ። ታለቅሳለች፣ ወንድሟን ትራገማለች ብዬ ነበር። ባምያ እየከተፈች ሰማችኝ፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት።

“እሱን በማግባቴ ነው ያጣሁሽ ብዬ፣” አለች፣ “አንድ ቀን እንኳ ደግ ቃል አልተናገርኩትም። ማር ይዞ ደርሶ ሲመለስ ውኃ አላቀረብኩለትም። ለምን ብሎ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።”