የሁለት ሰዓት መንገድ

ከአውሮፕላኑ እንደወረድሁ ዱላዬን ይዤ ወደመጣንበት አቅጣጫ መንገድ ጀመርሁ። ለማታ ባለቤቴ ዘንድ መድረስ ነበረብኝ።

የድርቁ ጊዜ ነው። ከመካነ ሰላም በጭነት መኪና አምጥተው ኮምቦልቻ መጠለያ አራገፉን፤ ከዚያ ደግሞ ለሰፈራ ጋምቤላ ተባልን። የታመመ አይሳፈርም ብለው ባለቤቴን ዘነበችን አስቀሯት። መዝጋቢውን "ጋምቤላ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሁለት ሰዓት" አለኝ። በእኛ አገር መንገድ የሚነገረው በእግር ነው፤ ሁለት ሰዓት እስከ ገበያ ነው።

"መሬቱን አይቼ ለማታ እመለሳለሁ" አልኋት።

"በል፣ ዱላህን አትርሳ" አለችኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጠን ስንት ወንዝ እንደተሻገርን እንኳ አላየሁም። ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ዙሪያውን አንድም ተራራ የለም። ሁለት ሰዓት ነው፣ ሁለት ሰዓት ነው እያልሁ ተራመድሁ።

አንድ ጥበቃ ሮጦ ደረሰብኝ።

"ወዴት ነው፣ አባት?"

"ኮምቦልቻ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልድረስ ብዬ።"

"በእግርዎ?"

"ሁለት ሰዓት አይደል እንዴ?"

ሊስቅ ብሎ ዱላዬን አየና ተወው።

"ሁለት ሰዓቱ የአውሮፕላኑ ነው፣ አባት። የእግሩን እስካሁን የቆጠረው ሰው የለም።"