የሚንቀጠቀጠው መስመር

እናቷ በተቀበሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኟ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

"ትንሽ ብታርፊ ምን አለበት?" አላት የወርክሾፑ ባለቤት። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው።

"ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ልቁጠር፣ ጋሼ?" አለችና ካፖርቷን ሰቀለች።

እስከዚያ ቀን አላለቀሰችም። እንቅልፍም ይወስዳታል፣ ሥራም ትሠራለች፤ ሁሉም ነገር ግን በወፍራም መስታወት ጀርባ ያለ ይመስላታል።

ጠረጴዛዋ ላይ ከክሊኒክ የመጣ የልብ ምት ማሳያ ተቀምጧል። ከደረት የሚመጣውን ደካማ ምልክት የሚያጎላው ቦርድ ተቃጥሎ አጎቷ አዲስ ሠርቶለት ነበር። አሁን ግን ጤነኛ ሰው ላይ ሲገጠም እንኳ የስክሪኑ መስመር ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። ይዛው የመጣችው ነርስ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

"ቺፑ ነው። ሦስት ቀየርኩለት፣ ወይ ፍንክች!" አለ አጎቷ።

ቦርዱን ገልብጣ አየችው። የቺፑን ኤሌክትሪክ የሚያረጋጋው ካፓሲተር አንድ ስንዝር ርቆ ተበይዷል። ቺፑ በሆዱ ሁለት ማጉያ ይዟል፤ ሥራ ያገኘው አንዱ ብቻ ነው። የሁለተኛው እግሮች ከምንም አልተያያዙም።

"ቺፑን ለቀቅ አድርገው። ይሄን ሁለተኛውን ማጉያ ሜዳ ላይ ጥለኸዋል።"

"ያልሠራሁበት ምን ያመጣብኛል?"

"ሥራ ፈት ዝም ይላል እንዴ? ያገኘውን ሁሉ እየሰማ ይጮሃል፤ ጎረቤቱንም ይበጠብጣል።"

ትንሽ ካፓሲተር ከቺፑ የኤሌክትሪክ እግር ሥር በየደች። የሥራ ፈቱን ማጉያ መውጫ፣ ጸጥ እንዲል፣ ወደ ራሱ መግቢያ መልሳ አሰረች፤ ሌላውን መግቢያ ከቮልቴጁ አጋማሽ ጋር አገናኘች። ከዚያ መሣሪያውን በባትሪ አስነስታ ገመዶቹን የገዛ ደረቷ ላይ ለጠፈች።

መስመሩ ጠራ። "ስልሳ ስምንት! እንዴት ያምራል!" አለች ነርሷ። ጠጋኟ የሌላ ሰው ምት እንደምታይ ሆና አየችው።

"ይሄንን እኮ አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ ቦርዱን መቼ ነው የሠራኸው?" አለችው አጎቷን።

"እናትሽ ባረፈች ማግስት" አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

እጇን ጀርባው ላይ ማኖር እንዳለባት ታወቃት፤ አኖረች። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ነርሷ ገመዶቹን ከጠጋኟ ደረት አላቀቀች፣ ጠቀለለች፣ መሣሪያውን ታቅፋ ወጣች።

አጎቷ ሲረጋጋ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቃት። ማስታወስ አልቻለችም።