ሐጂ አማን ያስቆረጡት ባህር ዛፍ

ልጄ በዚህ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር አርሲ ተራሮች ላይ ስለ ድርቅና ስለ ውሃ ልታጠና እንደሆነ ትናንት ራት ላይ ነገረችን። እናቷ ስለ ብርዱ ተጨነቀች። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስኩት።

"አባዬ፣ አንተም በተማሪነትህ እዚያ ሠርተህ የለ? ምን ልያዝ?"

"ጥሩ ቦት ጫማ" አልኳት፤ ሌላውን ዋጥኩት።

ያኔ በልግ ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀርቶ፣ ጭላሎ ተራራ ወገብ ላይ ያሉ ምንጮች መሳሳት ጀምረው ነበር። እኔና የክፍል ጓደኛዬ፣ የሁሩታው ልጅ ከድር፣ ከመምህራችን ጋር ከአሰላ በላይ ወዳለች አንዲት መንደር ወጣን፤ እስከሚያስኬደው በመኪና፣ ቀጥሎ በጋሪ፣ ጋሪውን ጭቃ ሲይዘው በእግር። ሥራችን ምንጩ ሥር ባልዲ ደቅኖ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ መለካት ነበር። ጉም ውስጥ ቆሞ ባልዲ ማየት ምን ያህል እንደሚሰለች የሠራው ያውቀዋል። በዚያ ሐምሌ እንኳ ውሃው ይንጠባጠብ እንጂ አይወርድም ነበር።

ያረፍነው ሐጂ አማን ቤት ነው። ባለቤታቸው አደ ሃዋ ጠዋት ጠዋት ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ከእርጎ ጋር ይሰጡናል፤ የዚያ ቅቤ ሽታ ዛሬም ይመጣብኛል። ሐጂ ከምንጩ በላይ ባህር ዛፍ ነበራቸው፤ ልጆቻቸው በተወለዱ ጊዜ የተከሉት፣ ሲዳሩ ጎጆ የሚወጡበት።

በክረምቱ መጨረሻ መምህራችን የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ያገኘነውን ተናገረ፤ ከድር በኦሮምኛ ተረጎመ። "ዝናቡ የአላህ ነው፤ የተረፈችውን ውሃ ግን ባህር ዛፉ እየጠጣት ነው።"

ሐጂ አማን ወደ ዛፋቸው ቀና ብለው አዩ። "ብቆርጠው ውሃው ይመለሳል?" ብለው መምህሩን ጠየቁት።

"ሁሉም ባይሆን ይመለሳል።"

"እንግዲያው ይቆረጥ። ወላሂ፣ ልጅ ያለ ቤት ይኖራል፣ ያለ ውሃ አይኖርም።"

አደ ሃዋ ከበሩ ሥር ሆነው፣ "ለልጆቼስ እናንተ ምን ልትተክሉላቸው ነው?" አሉን።

ዛፉ ጉቶው ሳይቀር ተነቀለ። ለቤት ገና ስላልደረሰ አብዛኛው ማገዶ ሆነ።

በበጋው ከድር ከአገሩ ሲመለስ ማደሪያችን ድረስ እየሮጠ መጣና "ተመለሰ!" አለኝ። አብረን ወደ መንደሩ ወጣን። በዚያ በጋ ውሃው እየተንፎለፎለ ይወርዳል፤ ከብቱ ከሩቅ መንደር ሳይቀር እየመጣ ይጠጣል። ሐጂ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ አገኘናቸው። "ና፣ ቅመስ! ያንተም ድካም አለበት" አሉኝ እየሳቁ።

ያ ሳቅ ዓመት አልቆየም። የተመለሰው ውሃ የሰው ዓይን ውስጥ ገባ። ከበታች ለአትክልት እርሻ መሬት የተሰጠው አንድ ባለሀብት ቧንቧ ዘርግቶ ምንጩን ዙሪያውን በሽቦ አጠረው። ሐጂ አማን እኔንና ከድርን ይዘው ፈቃዱን ወደሰጠው ቢሮ ገቡ።

"ውሃ የሕዝብ ነው። የእገሌ ምንጭ የሚባል የለም" አለ ኃላፊው ቀና ሳይል።

"እኛስ ሕዝብ አይደለንም?"

"አባባ፣ ሥራ አለብኝ።"

እኛም የቻልነውን ያህል ለመናገር ሞከርን። የሰማን የለም። ስንወጣ አሰላ ላይ ዝናብ ይወርዳል። ሐጂ መጠለያ ሳይፈልጉ መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። "እሺ፣ አሁን ገብቼ ሃዋን ምን እላታለሁ?" አሉ።

በኋላ ውሃ ያጣው ቤተሰብ ወደ ቆላው፣ ኦጎልቾ፣ ዘመድ ዘንድ ወረደ። ሐጂ እዚያው ቆላው ላይ አረፉ ሲሉ ሰማሁ። ከድር በተመረቀበት ሥራ አንድም ቀን አልሠራም፤ ሁሩታ ላይ ጎሚስታ ከፈተ፤ ስለ ውሃ ሳነሳበት ወሬ ይቀይራል።

ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። "ግን ጥናታችሁ ልክ ነበር?" አለችኝ።

"ልክ ነበር" አልኳት።

የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ተሳስተን ቢሆን ኖሮ ምንጩ ደርቆ ይቀር ነበር፤ የደረቀ ምንጭ ደግሞ በሽቦ የሚያጥር የለም።