አንዲት የናስ ሚስማር

ባለቤቴ ፊርመን ዲድሎ ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ሲያድል አንድ ደብዳቤ እንኳ ያለ ደጁ ጥሎ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ ይህ ጠባዩ ወደ ማእድ ቤቴ ዞረ፤ ማንኪያዎቼን በቁመታቸው ደረደረልኝ። ስለዚህ ከንቲባዋ በማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ሥር አቧራ ሲጠጣ የኖረውን የመንደራችንን ኦርጋን እንዲጠግን ስትለምነው እመቤታችንን አመሰገንኩ።

ኦርጋኑ በእጅ የሚዘወር ነው። ውስጡ ያለው ድቡልቡል ግንድ ሲሽከረከር፣ የተተከሉበት ጥቃቅን የናስ ሚስማሮች ቱቦዎቹን እያስከፈቱ ዜማውን ያወጡታል። ፊርመን ወናፉን አዲስ የበግ ቆዳ አለበሰው፤ አይጥ የበላቸውን ቱቦዎች ጠገነ፤ ሚስማሮቹን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ቆጠረ። ሦስት ዓመት ፈጀ። ለየቤተ መዛግብቱ ሲጽፍ ከርሞም የሠሪውን የዜማ ወረቀት አገኘ። ከግንዱ ጋር ቢያስተያየው፣ ቫልስ ከሚባለው የጭፈራ ዜማ መሀል አንዲት ሚስማር ጎድላለች።

"አየሽልኝ? መቶ ዓመት ሙሉ በተሸነቆረ ዜማ ሲጨፍሩ ኖረዋል!" አለኝ።

አኮርዲዮን ተጫዋቾቻችን ዜማውን ከነሽንቁሩ ወርሰውታል፤ እኛም ሚስማሯ የጎደለችባት ዝምታ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እግራችንን ወለሉ ላይ እንመታለን። ፊርመን ጨፍሮ ስለማያውቅ ይህን ልብ አላለም። ልነግረው አሰብኩ፤ ደስታው አሳዘነኝና ተውኩት። ሚስማሯን ተከላት።

በብሔራዊው በዓል ጠዋት ክራቫቱን ሳስርለት፣ "ካልጨፈሩበት ሦስት ዓመቴን ውሃ በላው" አለኝ።

ጨፈሩበት። እግር የሚመታበት ቦታ ሲደርስ ግን ኦርጋኑ ፊው አለ። ግማሹ መታ፣ ግማሹ ደነገጠ፤ ሥጋ ሻጩ ኤቫሪስት የሚስቱን እግር ረገጠ።

"ሙስዮ ዲድሎ፣ ምኑን ነው የጨመሩብን? ሚስቴን ሰበርኳት እኮ!"

"ምንም አልጨመርኩም። ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው።"

ዘጠና የሞላቸው ማዳም ሌዮኒ ከወንበራቸው ሆነው በትራቸውን አነሡ። "እንግዲያው ወረቀቱ ይጨፍርልህ፣ ልጄ!"

ሰው ሁሉ እየሳቀ ወደ መጠጡ ሄደ። ፊርመን ጆሮው ቀልቶ ባዶውን ወለል አየ። ከዚያ የኦርጋኑን ጀርባ ከፈተ፤ ጉጠቱን አውጥቶ ሚስማሯን ነቀላት። ፊቱ የገዛ ጥርሱን የሚነቅል ይመስል ነበር።

እንደገና ሲዘውር ጨፋሪዎቹ እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። ዝምታዋ መጣች፤ ወለሉ በአንድ እግር እንደተመታ ጓ! አለ።

"ስሕተት ነው" አለኝ እየዘወረ። "ንጹሕ ስሕተት!"

"ነው። ብቻ ቀስ አድርገህ ዘውር" አልኩት። "ማዳም ሌዮኒ ሊጨፍሩ ተነሥተዋል።"