የጋሽ መርዕድ የመጨረሻ ጊታር

ጾም ገድፌ ተናዝዣለሁ፤ ሰው አምቼም ተናዝዣለሁ። ይቺን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ዋጥ አድርጌ ያዝኳት። እስቲ እናንተ ስሙኝና ፍረዱብኝ።

ያኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የጋሽ መርዕድን ቤዝመንት፣ ምድር ቤታቸውን፣ ተከራይቼ ነበር። ጋሽ መርዕድ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ከእኔ ክፍል አጠገብ ባለችው ጓዳ የስፔን ጊታር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። በዚያ ዊንተር፣ በብርዱ ወራት፣ የያዙትን፣ ልጃቸው ሕሊና ሰርጓ ላይ እንድትጫወትበት ነው የሚሠሩት። የጊታሩ ፊት ስስ ጣውላ ነው፤ በአውራ ጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል፣ ትንሽ ይልጉታል፣ ደግሞ ያንኳኩታል። "ልጄ፣ እንጨትም እንደ ሰው ይጠማል፤ ሲጠማው ይሰነጠቃል" ይሉኝ ነበር። ቤቱን የሚያሞቀው ሂተር አየሩን እንዳያደርቅባቸው እርጥበት የሚረጭ ማሽን አስቀምጠዋል፤ ቀን ከሌት ይጮሃል።

እኔ ደግሞ ሌሊት ሠርቼ ቀን የምተኛ ሰው ነኝ። ያ ጩኸት አናቴን አዞረው። ጋሽ መርዕድ ለሦስት ቀን እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሕሊና ዘንድ ሲሄዱ "ማሽኑ ውኃ እንዳያልቅበት፣ አደራ" አሉኝ። እኔ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ማንም አይደለም፣ እኔ፣ በዚህ እጄ! ነቅዬው ለጥ ብዬ ተኛሁ። ሊመለሱ ሲሉ መልሼ ሰካሁት፤ ውኃም ሞላሁበት። አደራ በላ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

የጊታሩ ፊት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኙት። ቁጭ አሉና እጃቸውን እያገላበጡ አዩት። "ሳጣብቀው አጥፍቼ ይሆን? እጄ ከዳኝ መሰለኝ" አሉኝ።

ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? ቢበዛ ቢቆጡኝ፣ ቤቴን ልቀቂ ቢሉኝ ነው። እኔ ግን ምን አልኩ? "ዕድሜ ነው እኮ ጋሼ፣ ምን ይደረግ" አልኳቸው። አፌ በተቆረጠ! መንቀሌን እንኳ እንቅልፍ ነው ልበል፤ ይህን ቃል ምን ልበለው?

ሕሊና "ኢትስ ኦኬ ዳድ፣ ምንም አይደል" አለቻቸው፤ ሰርጓም በተገዛ ጊታር አለፈ። እሳቸው መላጊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲያ እንጨት አልነኩም።

ወልጄ ወደ አሌክሳንድሪያ ከተዛወርኩ በኋላ ልጄን ሳል እንደያዘው ሰሙና ያንኑ ማሽን ተሸክመው መጡልኝ። "ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" አሉ። ተቀበልኳቸው፤ እግዜር ይስጥልኝም አልኩ። ይኸው ልጄ አልጋ አጠገብ ይጮሃል።

ደክሞኝ ነበር አልልም፣ አላወቅሁም አልልም። እንጨት እንደሚጠማ ነግረውኛል። እናንተን ይቅርታ ብጠይቅ ምን ይረባል፣ የተበደሉት እሳቸው ናቸው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው እንደወትሮው ደህንነታቸውን ጠይቄ አላልፍም። ጉልበታቸውን ይዤ እነግራቸዋለሁ፤ ጋሼ፣ እጅዎ አልከዳዎትም፤ የከዳሁዎት እኔ ነኝ።