በኮርማ ገበያ ያገኘኋቸው ሽማግሌ

የኬንያዋ ከተማ ናንዩኪ ለላሞቼ ኮርማ ልመርጥ በሄድኩ ቀን ሽማግሌውን አየኋቸው። በዚያ ፀሐይ ወፍራም የዝናብ ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። በየበረቱ የተንጠለጠለውን ወረቀት፣ ኮርማው ሲወለድ፣ ጡት ሲጥልና ዓመት ሲሞላው የመዘነው ኪሎ የተጻፈበትን፣ በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። እሳቸው ሲጠጉ ኮርማዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ወዲያኛው አጥር ይሸሻሉ።

«አባባ፣ ምን አድርገዋቸው ነው?» አለ ሻጩ ሌማያን እየሳቀ።

«እነዚህን ምንም። መዝገባቸው ለዘር ያላበቃቸውን ወንድሞቻቸውን ግን ቄራ በር ላይ የምቀበለው እኔ ነኝ።»

ሌማያን ሳቁን ዋጠ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ከትከሻዬ እስከ ዳሌዬ በዝግታ አዩኝ።

«አንተስ ልጄ፣ ስትወለድ ስንት ኪሎ ነበርክ?»

እናቴ እንደነገረችኝ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላሁም።

«ሦስት ተኩል» ብዬ ዋሸኋቸው።