እንግዶቻችንን የወሰደው ቤት፦ ከሀና ማርያም እስከ ደብረ ዘይት

ከሀና ማርያም የተነሳነው አራት ነበርን፦ እናቴ ወይዘሮ ዘነበች፣ ወንድሟ አጎቴ ደበበ፣ ታናሽ እህቴ ሰናይት እና እኔ። ጊዜው የገና ማግስት ሰሞን፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የሄድነው የአክስቴ ልጅ ታምራት ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ለመዝናኛ የሚያከራየውን አሮጌ ቤት ለማየት ነው። እኛም እንደዚያው የምናከራየው አሮጌ ቤት በግቢያችን አለን። የእሱ ቅዳሜና እሁድ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ የእኛ አንዴ ሰው ከገባበት ቀጣዩ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ።

ቅናቴን አልደብቅም። የእኛን ቤት በምኒልክ ዘመን አንድ ባላባት ለማረፊያ ያሠሩት ሲሆን አያቴ በኋላ ገዙት። ግድግዳው ድንጋይ፣ በረንዳው ጥድ ነው። በረንዳው ላይ አንድም ምስማር የለም፤ እንጨቱ በእንጨት ሽብልቅ ነው የተያያዘው። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ የተረፈልን ገለባ ሞልተንበት ስለነበር ጎተራ ተብሎ ነው። አሁን ግን የቤቱ ግማሽ የአጎቴ ነውና ቆርጠው ነገሩን፦ እስከ ጥምቀት ተከራይ ካልገባበት፣ ለሲሚንቶ ነጋዴ መጋዘን ይሰጡታል።

መንገድ

እስከ ላፍቶ በእግር፣ ከላፍቶ ሳሪስ በሚኒባስ ሄድን። ሳሪስ ላይ ረጅም ሰዓት ቆመን፣ ከመሀል ከተማ የሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ተጋፍተን ገባን። ረዳቱ አጎቴን የሞተር ክዳን ላይ አስቀመጣቸው።

«አባባ፣ ይሞቅዎታል፤ ለወገብ መድኃኒት ነው» አላቸው።

«መድኃኒት ከሆነማ ሒሳቡን አንተ ክፈል!» አሉት። አውቶቡሱ ሳቀ።

አቃቂን ስናልፍ ሜዳው ተከፈተ። በየአውድማው ጤፍ ይወቃል። ከግራ የረር፣ ከቀኝ ዝቋላ ይታያሉ። እናቴ እስከ ዱከም የተናገረችው ስለ ታምራት ብቻ ነው። «እጁ የተባረከ ነው። ምን የመሰለ ልጅ!» ትላለች። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ሐይቁ ዳር

ታምራት በር ላይ ተቀበለን፤ አዲስ ጃኬት ለብሷል። ቤቱን «የጃንሆይ ዘመን» ይለዋል። ዞሬ አየሁት። የመስኮቱ መቀርቀሪያ መርካቶ የሚሸጠው ብረት ነው። የበረንዳው ጣውላ በማሽን የተላገ ነው፤ ምስማሩም ገና አልዛገም። ውስጤ ነደደ፤ ለዚህ ነው እንግዳ የሚጎርፈው?

በረንዳው ላይ ባልና ሚስት የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ። ሴትየዋ ቀና ስትል አወቅኋት፤ ሂሩት ናት። በኅዳር እኛ ዘንድ ሦስት ቀን ሊያርፉ መጥተው፣ በማግስቱ «ዘመድ ታሞብናል» ብለው የሄዱት እነሱ ናቸው። እናቴ እስከዚያ ቀን ለታማሚው ትጸልይ ነበር።

«እንዴት ዋሉ እማማ?» አለች ሂሩት፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ደህና ነኝ ልጄ። በሽተኛው ተሻለው?»

ባልየውን ዓሣው አነቀው። ሂሩት ግን መዋሸቱን አልቻለችበትም።

«እማማ፣ የታመመ የለም። እርስዎ ደግ ነዎት፤ ደግነቱ ነው ያባረረን። ጠዋት ሳንነሳ ቁርስ ይዘው ገቡ። 'በሞቴ' እያሉ ሦስቴ አጎረሱን። ማታ ብቻችንን እንዳይከፋን ብለው እስክንተኛ ተቀመጡ። እኛ እኮ የአማቶቼን ቤት ሸሽተን ነው የመጣነው!»

«እንግዳ ብቻውን ይተዋል እንዴ?» አለች እናቴ።

«ልጅዎም አለ» አለ ባልየው ወደ እኔ እያየ። «ዝምተኛ ይመስላል። ስለ በሩ ማጠፊያና ስለ በረንዳው ሽብልቅ ሲጀምር ግን ማን ያስቁመው? መጸዳጃ ቤት በር ላይ ጠብቆ ነው የቀጠለልኝ።»

ሰናይት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አጎቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ታምራት እናቴን አቅፎ፣ «አክስቴ፣ እኔ ቁልፉን ሰጥቼ እሄዳለሁ። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለኝም» አላት።

ይኼ ነው ያቃጠለኝ። መቀርቀሪያውን ሳይሆን፣ እንደ እሱ እንግዳውን ትቶ መሄዱን ነው ያልቻልነው።

እናቴ ልትወጣ ስትል የሂሩትን እጅ ያዘች። «ለከተራ ነይ። አፈር ስሆን፣ አልደርስብሽም።»

«እማማ፣ ይችላሉ?»

«እኔ እንጃ» አለች እናቴ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ሳሪስ ላይ መሽቶብን ነበር። እናቴ ስለ ታምራት አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም በዚህ ብቻ ተጽናናሁ።

በከተራ ዕለት ሂሩትና ባሏ መጡ። እናቴ ቁልፉን ሰጠች፤ ፊቷን አዙራ ሄደች። ያን ቀን አጥራችን ሥር ስትንጎራደድ የዋለችው የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል ነበር። እኔንም ስለ ሽብልቁ እንዳልጀምር ሰናይት ክፍሌ ውስጥ ዘጋችብኝ።

በጥምቀት ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ሂሩት ናት። «እማማ፣ የዶሮው ሽታ አላስተኛንም። ዝም ብላችሁ ልትበሉ ነው?»

እናቴ ሮጣ ሁለት ሳህን አመጣች። ባልየው አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ እንደጎረሰ፣ «ያ በረንዳ ያለ ምስማር እንዴት ቆመ ነበር ያልከኝ?» አለኝ።

«ታምራትንም ስለ ቤቱ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አልኩት።

«እዚያማ ምን ይጠየቃል?»

አጎቴ ይህን ሲሰሙ፣ የሲሚንቶው ሰውዬ ሌላ ቦታ ይፈልግ አሉ።

እንግዳ ራሱ ሲጠራን እንጂ ስንከተለው እንደማይገኝ ከዚያ ጉዞ ተማርኩ። በታምራት መቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ይህንን ስጽፍም አብሮኝ አለ። ሰናይት፣ አጎቴ፣ አንተም ታምራት፣ እዚያ ነበራችሁ፤ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። በተለይ የዚያ በረንዳ ጣውላ ከየት እንደተገዛ ታምራት ራሱ ይንገረን።